«የሰባት ወር ልጅ ነበርኩ፤ የደም ግፊቴ ከዚያ ጋር ይያያዛል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ሥራ ቦታ በተደረገ ምርመራ የደም ግፊትሽ 142/92 ነው ተባልኩ። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሳስለካ 138/90 ሆነ። ቀጭን ነኝ፣ አላጨስም፣ ከቤተሰቤም ደም ግፊት ያለበት ሰው አላውቅም። ለእናቴ ስነግራት «አንቺ እኮ የሰባት ወር ልጅ ነሽ፤ ስትወለጂ 1 ኪሎ ከ400 ነበርሽ» ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ በእርግጥ ሊነካኝ ይችላል? የወር አበባ ሕመም ስላለብኝ በየወሩ ለጥቂት ቀናት አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። በቅርቡ ማርገዝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አዎ፣ ሊያያዝ ይችላል። እናትዎ የነገሩዎት ያ አንድ ቃል በሕክምና ካርድዎ ላይ መጻፍ ነበረበት። ነገር ግን ትልቅ ሰውን «በስንት ወርዎ ተወለዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም እምብዛም አያጋጥምም። ጉድለቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀላቅሉትን ነገር አስቀድመን እንለይ። ቀድሞ መወለድና አንሶ መወለድ አንድ አይደሉም። ሕፃን 37 ሳምንት ሳይሞላው ሲወለድ ያለጊዜው ተወለደ እንላለን። ከ2,500 ግራም በታች ሲመዝን ደግሞ የልደት ክብደቱ ዝቅተኛ ነው እንላለን። ሰባት ወር ወደ 30 ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚያ ዕድሜ 1 ኪሎ ከ400 መመዘን ደህና ክብደት ነው። ስለዚህ እርስዎ ማሕፀን ውስጥ በደንብ እያደጉ ነበር፤ ያጠረብዎት ጊዜው ነው። ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ 2 ኪሎ ከ200 ሆኖ የተወለደ ሕፃን ግን ጊዜ አላነሰውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያንሰው በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን ነው። (የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም የሚለው አባባል ከጥንት ግሪክ ሐኪሞች ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። እውነት አይደለም። ሕፃኑ ማሕፀን ውስጥ የሚቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ይጠቅመዋል።)

የልደት ክብደት ከጉልምስና በሽታ ጋር መያያዙን ዓለም ልብ ያለው አንሰው በተወለዱት ሕፃናት በኩል ነው። በእንግሊዝ ሃርትፎርድሺር ውስጥ ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የተባሉ የአዋላጆች ኃላፊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የሕፃናቱ ክብደት ሲወለዱና ዓመት ሲሞላቸው በመዝገብ እንዲሰፍር አድርገው ነበር። ተመራማሪው ሐኪም ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ መዝገቡን አግኝተው ሕፃናቱ አድገው ከምን እንደሞቱ ተከታተሉ። በ1989 ያሳተሙት ውጤት፣ በልደታቸውና በዓመታቸው አነስተኛ ክብደት የነበራቸው ወንዶች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሞቱ አሳየ። በኋላ የመጡ ጥናቶች የሁለተኛውን ዓይነት ስኳር በሽታና የደም ግፊትንም ጨመሩበት። ሁሉም ነገር ከማሕፀን የመጣ ነው ግን አይባልም፤ ኢንሱሊን የፅንሱን ዕድገት ስለሚያፋጥን፣ ኢንሱሊን የሚያሳንስ ዘረ መል የወረሰ ልጅ አንሶ ሊወለድም፣ ኋላ ስኳር ሊይዘውም ይችላል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኩላሊትዎ ነው። ኩላሊት ደምን የሚያጣራው ኔፍሮን በሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ነው። አንድ ኩላሊት በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን ያህል ይኖሩታል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው። ከግማሽ የሚበልጡት የሚሠሩት በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ሲሆን፣ ሥራው በ36ኛው ሳምንት ገደማ ያበቃል። ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ከማሕፀን ውጭ ለጥቂት ሳምንታት ኔፍሮን መሥራቱን ይቀጥላል፣ ከዚያ ያቆማል። ያ በር ከተዘጋ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም። በቁጥር ያነሱት ማጣሪያዎች የሙሉውን ሥራ ይሸከማሉ፣ በየአንዳንዳቸው የሚያልፈው ደም ይበዛል፣ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ይደክማሉ። የደም ግፊት ከፍ የሚልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ጨው ላይ ጥንቃቄ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው።

ይሁንና በልኩ እንየው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት በጊዜያቸው ከተወለዱት የሚበልጠው በአማካይ ከ2 እስከ 4 ነጥብ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን 142 ላይ አያደርስም። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ከ100ው 55ቱ ያህል በወጣትነትና በጉልምስና ዕድሜያቸው ያለ ከባድ ሕመም ይኖሩ ነበር፤ በጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 63ቱ። ልዩነት አለ፤ ግን የሰማይና የምድር አይደለም። ስለዚህ ማንም ሐኪም «ያለጊዜሽ ስለተወለድሽ ነው» ብሎ ፋይልዎን እንዲዘጋ አይፍቀዱለት። ከ40 ዓመት በታች የደም ግፊት ሲገኝ የታይሮይድ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢና የኩላሊት ደም ሥር ችግር መኖር አለመኖሩም ሊታይ ይገባል።

አይቡፕሮፌኑ ደግሞ አንድ ነገር ነው። እሱና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉት የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጫናሉ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቢያቆሙት እመርጣለሁ፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞልና የሞቀ ውኃ መያዣ ይሞክሩ፤ ካልበቃዎት ከማኅፀን ሐኪም ጋር ሌላ መላ ይፈለግለታል።

አሁን የሚያስፈልገው በቤትዎ መለካት ነው። በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይለኩና ይጻፉት። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያስሉ። 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለብዎት ማለት ነው። ማስታወሻውን ይዘው ሲሄዱ የደም ክሬያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ)፣ በሽንት ውስጥ የሚወጣ አልቡሚን (ፕሮቲን) እና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ቀድመው የተወለዱ ሰዎች ሳንባም ከሌላው ያነሰ መጠባበቂያ ሊኖረው ስለሚችል፣ አለማጨስዎ ከምንም በላይ ጠቅሞዎታል።

እርግዝናውን በተመለከተ ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። ከማርገዝዎ በፊት ይህ ይጣራ። መድኃኒት የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉት ፅንስን ስለሚጎዱ አይሆኑም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚሰጡ እንደ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን ያሉ አሉ። የደም ግፊት ያላት ሴት በእርግዝናዋ ለፕሪኤክላምፕሲያ (የደም ግፊት ከፍ ብሎ እናትንም ፅንስንም ለአደጋ ለሚያጋልጥ የእርግዝና ሕመም) ይበልጥ ትጋለጣለች፤ ስለዚህ ሐኪምዎ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊያዝልዎ ይችላል። በራስዎ አይጀምሩት። ራሷ ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ያለጊዜው የመውለድ ዕድሏ ትንሽ ከፍ ቢልም፣ አብዛኞቹ በጊዜያቸው ይወልዳሉ። በመጀመሪያው የክትትል ቀን ግን ይንገሯቸው።

እናትዎን በሚመለከት፣ ምጥ ያለጊዜው የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይታወቅም፤ ሲታወቅም ብዙውን ጊዜ ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት ወይም የማሕፀን በር ችግር ነው። ማንም ሴት ፈልጋ የምታመጣው አይደለም። 1 ኪሎ ከ400 የምትመዝን ሕፃን ለዚህ ዕድሜ መድረሷም የሚያለቅሱባት እናት የሠሩት ሥራ ነው። ይህን ከእኔ እንደሰሙ ይንገሯቸው። ከዚያም አብረው ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፦ በትክክል በስንተኛው ሳምንት ወለዱ? ከመውለዳቸው በፊት የደም ግፊት ነበረባቸው ወይ? ሕፃኗ ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ስንት ቀን ቆየች? ሆስፒታል የሰጣቸው ወረቀት ተቀምጦ ይሆን? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ከቤት ልኬትዎ ጋር ለሐኪምዎ ይውሰዱት።