ፈርስት ቤዝ ላይ ለምትቆሚው ልጅ እና ለጓደኞችሽ

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጃን ሜዳ የቤዝቦል ልምምዳችሁን ቆሜ ሳይ፣ ከመካከላችሁ አንዷ ፈርስት ቤዝ ላይ፣ መቺው ኳሷን መትቶ መጀመሪያ የሚሮጥበት ማረፊያ ላይ፣ እንድትቆም ስትታዘዝ ፊቷ ጠቆረ። «ጋሼ፣ እዚያ የሚቆመው እኮ መሮጥ የማይችል ነው» አለችኝ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ቤዝቦልን ያወቅሁት ግን በወጣትነቴ ለትምህርት አሜሪካ ሄጄ፣ በእረፍት ቀን ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ነው።

የኔ ቦታ ከፈርስት ቤዝ ማዶ ያለው ሦስተኛው ማረፊያ፣ ሰርድ ቤዝ፣ ነበር። ከዚያ እስከ ፈርስት ቤዝ 39 ሜትር ያህል ነው። መቺው የሚሮጠው ግን 27 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ፈጣን ከሆነ በ4 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። እሱ ሳይደርስ ኳሷ ፈርስት ቤዙን የረገጠው ጓደኛዬ እጅ ከገባች መቺው ይወጣል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ኳሷን የማነሳው፣ ቀና ብዬ የምወረውረው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ፈርስት ቤዛችን ረጅም ሰው ነበር። ደረቱ ላይ የመጣለትን ይይዛል፤ መሬት ነክታ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን ሁለት ኳሶቼ ነጥረው አለፉት። ከዚያ ወዲያ እጄ ታሰረ። ኳሷን ይዤ ጣቶቼን ስፌቷ ላይ ሳስተካክል ሯጩ ይደርስ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፑም እንደኔ ሆነ።

በዓመቱ አጠር ያለ፣ ዝምተኛ ግራኝ መጣ። ቤዙ ጋ ቀድሞ ደርሶ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ይጠብቃል። የኳሷን አቅጣጫ ሳያይ እግሩን አይዘረጋም፤ ቀድሞ የተዘረጋ ሰው ኳሷ ወደ ጎን ስትወጣበት መመለሻ የለውም። የምትነጥር ከሆነ ጓንቱን መሬት ላይ ያስቀድማል፣ ከታች ወደ ላይ ያፍሳታል። በጣም ከራቀች ደግሞ ቤዙን ለቆ ይይዛታል፤ ሯጩ አንደኛው ላይ ቢተርፍ ይሻላል፣ ኳሷ ካለፈች ሁለተኛው ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሁላችንም ተለወጥን። እኔ እየሮጥኩ መወርወር ጀመርኩ። ሾርትስቶፑ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ድሮ የሚያመልጡትን ኳሶች ደረሰባቸው። ግራኙ በቀኙ በኩል ያለውን ክፍተት ስለሚሸፍን ሰከንድ ቤዝ ላይ የሚጫወተው ጓደኛችን ወደ መሐል ተጠጋ። ሦስታችንም ያው ሰዎች ነበርን፤ የተለወጠው ተቀባያችን ነው።

መዝገቡ ላይ ግን ይህ አይታይም። አፈር ነክቶ ያለፈ ውርወራ ስህተት ተብሎ የሚጻፈው በወርዋሪው ስም ነው። ግራኙ ሲያፍሰው ስህተቱ ከነጭራሹ አይመዘገብም። በዚያ ዓመት የኔ ስም ንጹህ ሆኖ የታየው በእሱ እጅ ነው፤ በጊዜው አመስግኜው አላውቅም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቦታው የቀርፋፋ ነው ለምትሉ፣ የኪት ኸርናንዴዝን አጨዋወት ፈልጋችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1988 በተከታታይ 11 ጊዜ የወርቅ ጓንት፣ በየቦታው ምርጥ ለሆነ ተከላካይ የሚሰጠውን ሽልማት፣ የተሸለመ አሜሪካዊ ፈርስት ቤዝ ነው። መቺው ኳሷን በቀስታ መሬት ላይ ሲያስቀምጣት ወደ ፊት ተወርውሮ ያነሳትና ወደ ሰርድ ቤዝ የሚሮጠውን ሯጭ ያስወጣ ነበር።

አንቺ ልጄ፣ ግራኝ መሆንሽን አይቻለሁ። ጓንትሽ በቀኝ እጅሽ ስለሚሆን ለጓደኞችሽ ክፍት ነሽ፤ ወደ ሰከንድ ቤዝ ለመወርወርም መዞር አያስፈልግሽም። ጃን ሜዳ ደግሞ አፈሩ ወጣ ገባ ነው፣ በተለይ ከጥምቀት በኋላ ሲረጋገጥ ኳስ እንዳሻው ይነጥራል። ከዚህ የተሻለ መማሪያ አታገኚም። ተንበርክከሽ ጀምሪ፣ ዓይንሽን ከኳሷ አታንሺ።

እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ቀጥ ያለ ኳስ እንዳትሰጧት። ሠላሳ ኳስ፣ ሁሉንም ከፊቷ መሬት አስነክታችሁ ወርውሩላት። እኔም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ያመለጡትን እየለቀምኩ እመልስላችኋለሁ።