ተጣጣፊው ፒንሳ ለቤት ጥገና ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ኮምቦልቻ አዲስ ቤት ተከራይተሽ፣ ገበያ ላይ ያየሽው ፒንሳም ካቻቢቴም ቢላም መጋዝም እየሆነ የሚዘረጋው ዕቃ ለቤት ጥገና ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ልቤን ልንገርሽ፦ ለቦርሳ ጥሩ ነው፣ ለቤት አይበቃም። ደሴ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፤ የሚላላና የሚያንጠባጥብ ነገር አያልቅበትም፣ ስለዚህ ይሄን ጉዳይ በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው ለማን እንደታሰበ ማወቅ ይጠቅማል። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ በየቦታው ታስቸግረው ነበር፣ ኪሱ ያለው ሰንጢ ደግሞ ፒንሳ የለውም። ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው፣ ሌዘርማን የሚባለው ዕቃ ገበያ ላይ የወጣው በ1983 ነው። የመንገደኛ ዕቃ ነው ማለት ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና ቢቆምብሽ እሱን የመሰለ የለም። ቤትሽ ግን አንድ ትንሽ ሳጥን የምታስቀምጪበት ቦታ አያጣም።

ልዩነቱ የሚገባሽ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሌሊት መጥቶ ሮቶው ሳይሞላ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ጎሚኒው ብቻ ነው። የውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ትዘጊያለሽ፣ ቧንቧውን ከፍተሽ የቀረውን ውሃ ታፈሺያለሽ፣ ከእጀታው ሥር ያለውን ዳዶ ትፈቺና ጎሚኒውን ትቀይሪያለሽ። በቃ። ግን ያ ዳዶ ነሐስ ነው፣ ላዩ ብቻ ነው የሚያብረቀርቀው፣ ለስላሳ ነው። በተጣጣፊ ፒንሳ ስትይዢው ጥርሱ ጠርዙን ይበላዋል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ትጨብጪዋለሽ፣ በመጨረሻ ክብ ሆኖ ያርፈዋል። ከዚያ በኋላ ለባለሙያ የምትከፍይው ከጎሚኒው ብዙ እጥፍ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልግሽ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ነው። እሱም እኮ ለሁሉም የሚሆን ዕቃ ነው፣ ስለዚህ «ለሁሉም» የተባለ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፣ መያዝና ማዞር፣ ያንን ደግሞ አጥብቆ ይሠራል። ባለ 8 ኢንቹ አፉ እስከ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚከፈተው፣ ለግማሽ ኢንች ቧንቧ ዕቃ አንዳንዴ ያጥራል። ባለ 10 ኢንቹ ወደ 30 ይደርሳል፣ እሱን ግዢ። ዳዶው ላይ ስታስገቢው ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ ክፍተት እስከሚጠፋ አጥብቂው፣ ከዚያ ኃይሉ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ በኩል እንዲያርፍ አድርገሽ አዙሪ። በተገላቢጦሽ ከሆነ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይላላል፣ ዳዶውንም ያበላሻል። ስትገዢ ደግሞ አፉን እስከ ግማሽ ክፈቺና ተንቀሳቃሹን በጣትሽ ነቅነቅ አድርጊው። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፣ ከተንገጫገጨ ግን እዚያው ተዪው፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልሽም።

ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆፍጠን ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአንድ ስፒና ይሄ የመጨረሻ አቅሙ ነው። ውስጡ ያለችው ብሎን ትንሽ ከላላች ሽቦው የሚነካበት ቦታ ይግላል፣ ሲግል ይብስ ይላላል፣ ከዚያ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ሽታውን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ያቺን ብሎን በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ ከተጣጣፊው የሚወጣው ካቻቢቴ ደግሞ አጭር ነው፣ ቀጥ አድርገሽ ልትጫኚው አትችይም፣ ሲጫኑት የሚታጠፍም አለ። ከሁሉም የከፋው እጀታው ብረት መሆኑ ነው። ለኤሌክትሪክ እጀታው ላይ 1000 ቮልት የሚል የተጻፈበት ካቻቢቴ ግዢ፣ አንድ ፍላት አንድ ስታር። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀይ። የግድግዳውን ሶኬት የምትነኪ ከሆነ ደግሞ የመብራት ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጥፊና በቴስተር፣ መብራት ሲነካ በሚበራው መሞከሪያ፣ አረጋግጪ። ቴስተሩን ራሱን አስቀድመሽ እንደሚሠራ በምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ አልበራም ማለት ሁልጊዜ መብራት የለም ማለት አይደለም።

ባለ ሻንጣው ስብስብ፣ ያ ብዙ ጥቃቅን ዕቃ ተደርድሮ የሚያምረው፣ እሱንም ለመግዛት አትቸኩይ። ርካሹ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ጠንከር ያለ ብሎን ሲገጥመው የካቻቢቴው ጫፍ ይጠማዘዛል። በዚያው ብር ደህና ፒንሳ ይገዛል። ፒንሳ ስትመርጪ አፉን ገጥመሽ ወደ ብርሃን አቅኚው፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ አይሆንም። ወረቀት በመቁረጫው ቁረጪበት፣ ካኘከው ሽቦም ያኝካል።

እንግዲህ ቁልፉ፣ ፒንሳው፣ ሁለቱ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ መዶሻ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጩ። ብሩ ባንዴ ካልሞላልሽ አብሽር፣ ከቁልፉና ከካቻቢቴዎቹ ጀምሪ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። ድሪል አሁን አያስፈልግሽም፣ መጋረጃ መስቀያ ለመብሳት ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ወይም ከሰፈር አናጢ ተዋሺ። ተጣጣፊውንም የምትወጂው ከሆነ ሌላ ጊዜ ግዢው፣ ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ። የቧንቧሽን ፎቶ ከላክሽልኝ ስንት ኢንች ጎሚኒ እንደሚሆን እነግርሻለሁ።