ልጄ ስለምን ትጻፍ?

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፤ ቻይንኛ ትማራለች። ለተማሪዎች የቻይንኛ ድርሰት ውድድር ስለ ታላቁ የቻይና ግንብ ልትጽፍ አስባለች። ያዋጣታል? (አንዲት እናት፣ ከጎንደር አዘዞ)

መልስ፦ እኔ ብሆን ጥምቀትን አስጽፋት ነበር። ታላቁን ግንብ አላየችውም። ጥር 11 ማለዳ ግን ውኃው ሲባረክ፣ ወጣቶቹ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ታያለች። አጥሩን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮችም ታውቃቸዋለች። ይህን ከጎንደር ልጅ በላይ ማን ይጽፈዋል? በርቺ በሏት!

ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ትለማመድ። በቻይንኛ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ካሬ ይይዛል፤ ነጠላ ሰረዝም እንደዚያው። አንቀጽ ሲጀመር 2 ካሬ ባዶ ይተዋል። ርዝመቱ የሚለካውም በፊደል ብዛት ነው። መምህሯ ስህተቷን ያሳዩአት እንጂ አይጻፉላት። ይህን እርስዎም ይከታተሉላት።