ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፤ ይሸጥ ወይስ ይታደስለት?

በዚህ ሳምንት የላካችሁልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ኮንትራት ነው። በቀጥታ ወደ መልሱ።

ጥያቄ፦ ሊቨርፑል አሌክሳንደር-አርኖልድን ቀድሞ መሸጥ አልነበረበትም?

ነበረበት፤ ካልሆነም ቀድሞ ማስፈረም። ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት፣ ገና 26 ዓመቱ የሆነ ልጅ እንዲህ ሲሄድ ያንገበግባል። ሪያል ማድሪድ በ2025 ጥቂት ገንዘብ የከፈለው እንኳ ለክለቦች ዓለም ዋንጫ እንዲደርስለት ብሎ ነው፤ ኮንትራቱ በሰኔ መጨረሻ እስኪያልቅ ቢታገስ በነፃ ይወስደው ነበር። የኮንትራት ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሁለት ዓመት ሲቀረው ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ እምቢ ካለ ያኔውኑ መሸጥ። አንድ ዓመት ሲቀረው ገዢው ዋጋ ይሰብርብሃል፣ ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ከውጭ አገር ክለብ ጋር መስማማት ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሊቨርፑሎች ለሳላህ በ32 ዓመቱ ለምን አደሱለት?

ልክ ናቸው። በ2024/25 የውድድር ዓመት በሊጉ 29 ጎል አግብቶ ዋንጫ ያበላቸው እሱ ነው። የሰጡትም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እኛ አርሰናሎች ግን በ2020 ለኦባምያንግ በ31 ዓመቱ ሦስት ዓመት ሰጠነው። ያን ቀን ከልቤ ነው የተደሰትኩት። ዓመት ተኩል ሳይሞላ አምበልነቱን ተነጠቀ፣ በየካቲት 2022 ባርሴሎና በነፃ ወሰደው። ከ30 በላይ ለሆነ አጥቂ ረጅም ኮንትራት አትስጡ።

ጥያቄ፦ ቫን ፐርሲን መሸጣችንስ?

ይሄ ቁስል እስካሁን አልሻረልኝም። በ2012 አንድ ዓመት ነበር የቀረው፣ አላድስም አለ፣ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጥነው። ሒሳቡ ያስኬዳል። ግን ለማን? ለማንቸስተር ዩናይትድ! 26 የሊግ ጎል አገባላቸው፣ ሻምፒዮን አደረጋቸው፣ ከዚያ ወደ ሜዳችን ኤምሬትስ ሲመጡ ልጆቻችን ግራና ቀኝ ተሰልፈው እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው። ያን ሰልፍ ያየ የአርሰናል ደጋፊ ይረዳኛል። ለተፎካካሪህ ከምትሸጥ አንድ ዓመት አጫውተህ በነፃ ብትሸኘው ይሻላል።

ጥያቄ፦ በነፃ እንደሚሄድ እያወቁ ማቆየት ያዋጣል?

አንዳንዴ አዎ። ዶርትሙንድ በ2013 ሌቫንዶቭስኪን ለባየርን አልሸጥም አለ። ልጁም ሳያኮርፍ ተጫወተ፣ በቡንደስሊጋው በ20 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፣ ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ፣ ከዚያ በነፃ ሄደ። ዋንጫ የሚያሳድድ ቡድን እንዲህ ቢያደርግ አልፈርድበትም። ገንዘብ አጥቶ የሚቸገር ትንሽ ክለብ ግን ይሽጥ።

ጥያቄ፦ ኮንትራቱን ጨርሶ የሚሄድ ተጫዋች ከሃዲ አይደለም?

በፍጹም። ድሮ ኮንትራቱ ቢያልቅም ክለቡ ገንዘብ ካላገኘ አይለቀውም ነበር። ቤልጂየማዊው ተጫዋች ቦስማን በ1990 ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ልሂድ ሲል ክለቡ ያዘው። ፍርድ ቤት ተመላልሶ በታኅሣሥ 1995 አሸነፈ፤ ዛሬ ተጫዋች ኮንትራቱን ጨርሶ በነፃ የሚሄደው በዚያ ፍርድ ነው። የእሱ የኳስ ሕይወት ግን በዚያው ተበላሽቶ ቀረ።