ሎዱ ተቀይሮ ፉቲንጉ ካልተቀየረ

አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከባሕር ዳር እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። «ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቦታ ላይ ጂ+4 ሕንፃ ዲዛይን እያደረግሁ ነው። የወለል ሎዱን በአንድ ኤክሴል፣ ፍሬሙን በኢታብስ፣ ፉቲንጉን በሌላ ኤክሴል ነው የሠራሁት፤ ሁሉም የተያያዙ ናቸው። አሁን ባለቤቱ 1ኛና 2ኛ ፎቅን ከመኖሪያ ወደ ቢሮ ቀየራቸው፤ ሴራሚኩም እምነበረድ ይሁን አለ። የሎድ ሺቱን አስተካከልሁ። ፉቲንጉ ግን ያው የድሮውን ቁጥር ነው የሚያሳየኝ። ምንም ኤረር የለም። ቁፋሮ ሊጀመር ነው፣ ምን ላድርግ?»

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፦ ሎድ ሕንፃው የሚሸከመው ጭነት፣ ፉቲንግ የኮለን (የዓምድ) መሠረት፣ ፍሬም የኮለንና የቢም አጽም፣ ስላብ የወለል ኮንክሪት፣ ኢታብስ ደግሞ የሕንፃ ማስሊያ ሶፍትዌር ነው።

እህቴ፣ ቁፋሮው ይጀመር። ጉድጓድ በኋላም ይሰፋል። የፉቲንግ ብረት መቁረጥና ኮንክሪት ማዘዝ ግን ይቁም፣ ዛሬውኑ ለሳይቱ ደውለሽ ንገሪያቸው።

«ትንሽ ለውጥ ናት» የሚልሽ ሰው አይጠፋምና እስኪ እናስላው። 1 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ በካሬ 0.23 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ነው። 3 ሴንቲ እምነበረድ ደግሞ 0.81 ይሆናል። ልዩነቱ 0.58 ነው። ላይቭ ሎዱን (የሰውና የዕቃውን ጭነት) ለመኖሪያ 2፣ ለቢሮ 3 ብለሽ ከያዝሽው እዚያ ላይ 1 ይጨመራል። 5 በ5 ሜትር የምትሸከም አንዲት የመሀል ኮለን ብትወስጂ፣ በሁለቱ ፎቆች ብቻ 29 ኪሎ ኒውተን ዴድ (የሕንፃው የራሱ ክብደት) እና 50 ላይቭ ተጨመረባት ማለት ነው፣ በድምሩ 79፣ ያውም ፋክተር (የደህንነት ማባዣ) ሳይገባበት። የሶይል ሪፖርትሽ 150 ኪሎ ፓስካል ፈቅዶልሽ ፉቲንጉ 2.40 በ2.40 ሆኖ ልክ በልኩ ተሠርቶ ከነበረ አሁን 2.51 በ2.51 ይፈልጋል። የፓንቺንግ ቼኩም (ኮለኑ ፉቲንጉን እንዳይበሳው የሚደረገው ፍተሻ) ይቀየራል፣ ብረቱም ይቀየራል። ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። «ሁሉም የተያያዙ ናቸው» ብለሻል። አይደሉም። አንቺ የገለጽሽው ሰንሰለት ሁለት ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው፣ ሁለቱም ኢታብስ አጠገብ ናቸው።

የመጀመሪያው ከሎድ ሺቱ ወደ ኢታብስ የሚሄደው ነው። ለዚህ ብለሽ ያጻፍሽው ፕሮግራም ከሌለ በቀር ቁጥሩን ኢታብስ ውስጥ የምታስገቢው በእጅሽ ነው። ሺቱ ላይ 3 ብትዪም ሞዴሉ ውስጥ ስላቡ ላይ ያለው 2 ነው፣ ማንም አልነካውም። ሁለተኛው ከኢታብስ ወደ ፉቲንግ ሺቱ የሚመጣው ሪያክሽን ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮለን መሠረቱ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት። ሞዴሉን ለማረም አንሎክ ስታደርጊው የድሮው ውጤት ከኢታብስ ይጠፋል፤ ወደ ኤክሴል ያወጣሽው ቴብል ግን እንዳለ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም እሱ ያን ቀን የነበረው ቁጥር ቅጂ ነው እንጂ ሊንክ አይደለም። ወደ ሴፍ (የመሠረት ማስሊያ ሶፍትዌር) ኤክስፖርት የምታደርጉም ሰዎች ነገሩ ያው ነው። ሎዱ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ራን፣ እንደገና ኤክስፖርት።

ኤረር ያልመጣውም ለዚህ ነው። የድሮ ቁጥር ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል፣ ቀይ አይሆንም፣ አይጮህም። ስለዚህ የሚያስጮኸውን ነገር ራስሽ ሥሪለት። እኔ በየሥራው የማስገባው አንድ ቼክ አለ፣ ከሁሉም በላይ የማምነውም እሱን ነው፤ የፉቲንግ ሺቱ ላይ የሁሉንም ፉቲንግ ዴድ ለብቻ፣ ላይቭ ለብቻ ደምሪ፣ ከጎኑ ከኢታብስ የቤዝ ሪያክሽን (የሕንፃው ጠቅላላ ሪያክሽን) ቴብል የመጣውን ኤፍ ዜድ፣ ማለትም የቁሙን ጭነት፣ አስቀምጪ፣ ከዚያ ጎን ደግሞ ከሎድ ሺቱ በእጅ የተደመረውን አድርጊ። ሦስቱ ካልተቀራረቡ ሴሉ ቀይ ይሁን። የእያንዳንዱ ፎቅ ስፋት ለምሳሌ 300 ካሬ ከሆነ ያሁኑ ለውጥ ላይቩን በ600፣ ዴዱን በ348 ኪሎ ኒውተን ከፍ ማድረግ አለበት። ራን አድርገሽ ቤዝ ሪያክሽኑ ያን ያህል ካልጨመረ አንድ ስላብ ረስተሻል፣ አለዚያም በአንዱ ፎቅ ብቻ ነው የቀየርሽው። ከሚገባው በላይ ዘሎ ካገኘሽው ደግሞ የስላቡን ክብደት ሁለት ጊዜ ቆጥረሽው እንደሆነ እዪ። ኢታብስ ራሱ የሚያሰላውን ክብደት ከኤክሴል ላይም ጨምሮ ማስገባት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ በተለይ በብሎኬት ሪብድ ስላብ (በመሀሉ ብሎኬት የተደረደረበት ስላብ) ላይ።

ከኤክሴል ወደ ኤክሴል ያለው ሊንክስ? እሱ እውነተኛ ሊንክ ነው፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ ኦቶማቲክ መሆኑን እዪ። ኤክሴል ይህን የሚወስደው መጀመሪያ ከከፈትሽው ፋይል ነው፤ አንድ የድሮ ማንዋል ላይ የተቀመጠ ፋይል ቀድመሽ ከከፈትሽ ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 9ን አንድ ላይ ስትጫኚ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያሰላል። ቀጥሎ ዳታ ውስጥ ገብተሽ ኤዲት ሊንክስን (በአዲሱ ኤክሴል ወርክቡክ ሊንክስ ይባላል) ክፈቺና ሊንኩ የቱን ፋይል እንደሚያነብ በዓይንሽ አረጋግጪ። እኛ አገር ፋይል የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ሳይት ያለው ልጅ ይልክልሻል፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ካለ ከኋላው 2 ጨምሮ ይቀመጣል፣ አንቺ አዲሱን ከፍተሽ ታርሚያለሽ፣ የፉቲንግ ሺቱ ግን አሁንም ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የድሮውን ነው የሚያነበው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ደግሞ ኢነብል ኤዲቲንግ እስክትዪው ድረስ ሊንኩን አያድስም። የሎድ ፋይሉ አንድ ብቻ ይሁን፣ ስሙ አይቀየር፣ ቀኑ ፋይሉ ስም ላይ ሳይሆን ሺቱ ውስጥ ይጻፍ።

አንድ ሌላ ከባድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የፉቲንግ ሺቱ ተዘግቶ ሳለ የሎድ ሺቱ ላይ አዲስ ረድፍ ብታስገቢ ሊንኩ አብሮ አይወርድም። ያው የድሮውን ሴል ቁጥር ያነባል፣ አሁን ግን እዚያ ያለው የሌላ ፎቅ ወይም የሌላ ቢም ሎድ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ለዋና ዋናዎቹ ሴሎች ስም መስጠትና በስሙ ማያያዝ ነው። ከኢታብስ የሚመጣውንም ሪያክሽን በረድፍ አታያይዢ፣ ሞዴሉ ላይ አንድ ኮለን ስትጨምሪ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። በጆይንቱ (ኮለኑ በሚቆምበት ነጥብ) ስምና በኮምቢኔሽኑ (ሎዶቹ በየፋክተራቸው ተባዝተው በሚደመሩበት ቀመር) ይፈለግ፤ ቪሉካፕ የተባለውን የኤክሴል መፈለጊያ የምትጠቀሚ ከሆነ መጨረሻው ላይ ፎልስ ማለት እንዳትረሺ፣ ስሙን በትክክል እንዲያገኘው።

የፉቲንግ ሺቱን ከሰው ተቀብለሽው ከሆነ ኮምቢኔሽኑንም ፈትሺ። በእጅ በእጅ የሚዞሩት ብዙዎቹ ሺቶች እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ኮድ በኢቢሲኤስ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ ፋክተሩ ለዴድ 1.3፣ ለላይቭ 1.6 ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን፣ 1.35 እና 1.5 ይላል። ግማሹን በአንዱ ግማሹን በሌላው መሥራት አይቻልም። ፋክተር የገባበትን ሪያክሽን ወስደሽ ደግመሽ እንዳታባዢውም ተጠንቀቂ፤ የፉቲንጉ ስፋት በሰርቪስ ሎድ (ፋክተር ባልገባበት)፣ ውፍረቱና ብረቱ በፋክተርድ ሎድ ነው የሚሰላው።

አስተካክለሽ ስትጨርሺ ሞክሪው። ጣሪያው ላይ ሆን ብለሽ አንድ የ5 ሺህ ሊትር ሮቶ፣ ወደ 50 ኪሎ ኒውተን፣ አስቀምጪና እስከ ፉቲንጉ ድረስ ተከታተዪው። በአካባቢው ያሉት ፉቲንጎች ድምር በ50 ከጨመረ ሰንሰለቱ ይሠራል። ካልጨመረ የት ላይ እንደቆመ ወዲያው ታያለሽ። ከዚያ አውጪው፣ እንደገና ራን አድርጊ።

ሐይቁ ዳር ስለሆንሽ ባለቤቱ እንደሚያጣድፍሽ ይገባኛል። የጣና ውኃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ጉድጓዱ ውኃ ሳይቋጥር መሠረት ማውጣት የሚፈልግ ሰው እውነት አለው። ግን ይህ ሁሉ ከተቀመጡበት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ተቆጣጣሪውንም ባለቤቱንም አንድ ላይ ጠርተሽ የድሮውንና የአዲሱን ፉቲንግ ልኬት አሳዪያቸው፣ መሠረቱ ከወጣ በኋላ የፎቅ አገልግሎት መቀየር እንደማይቻል በጽሑፍ ይፈርሙ።

አንዳንዶቹ ፉቲንጎች ቀድመው ተሞልተው ከሆነ ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊያቸው። በአዲሱ ሎድ አስዪያቸው፣ የማይችሉትን ለይተሽ አውጪ። ሎዱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ እምነበረዱ ወደ ሴራሚክ ይመለስ፣ የቢሮዎቹ መከፋፈያ ከብሎኬት ወደ ጅብሰም ቦርድ ይቀየር። እሱም ካልበቃ ኮለኑ ሳይወጣ ፉቲንጉን ማስፋት ነው፣ ያንን ግን ለብቻው ዲዛይን አድርጊለት፤ የድሮውና የአዲሱ ኮንክሪት መጋጠሚያ በሳይት ትዕዛዝ የሚታለፍ ነገር አይደለም።