ደንበኛው ገብቶ የሚወጣው ለምንድን ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ድረ ገጽ የምትጠይቁኝ ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከሐዋሳ ብዙ ደረሰኝ። አብዛኛው «ገንዘብ አውጥተን አሠራን፣ ሰው ግን አይጠቀምበትም» የሚል ነው። ከመካከላቸው ጥቂቱን መርጫለሁ።

«ፔንሲዮን አለኝ። ድረ ገጹን ሳሠራ በፎቶ የተሞላ እንዲሆን አድርጌያለሁ፤ ሐይቁ፣ ክፍሎቹ፣ ግቢው። በኮምፒውተር ሳየው ደስ ይላል። ግን እሱን አይቶ የሚደውልልኝ ሰው የለም። ምን አጠፋሁ?» (ከሐይቅ ዳር)

ወንድሜ፣ ሊንኩን ስለላኩልኝ ፒያሳ ቁጭ ብዬ በስልኬ ከፈትኩት። በዋይፋይ አይደለም፤ በዳታ ነው። መጀመሪያ ነጭ ስክሪን መጣ። ማኪያቶዬን አማስዬ ቀና ስል ያው ነጭ ነው። ከዚያ የሐይቁ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ መውረድ ጀመረ።

ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ነው የተጫኑት። በአሁኑ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት መሆኑ የተለመደ ነው። 8 ፎቶ ሲደረደር ከ30 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ይህንን እንግዳው ከራሱ ጥቅል ነው የሚከፍለው። ስፋታቸውን ወደ 1,200 ፒክስል ያስቀንሱና ዌብፒ (WebP) በሚባለው ፎቶን በሚያቀል የፋይል ዓይነት ያስቀምጧቸው፤ አብዛኞቹ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ በዓይን አይለይም።

ያኮብ ኒልሰን የተባለ ዴንማርካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1993 የጻፈው ነገር ዛሬም ይሠራል። ሰው እስከ 1 ሰከንድ ቢጠብቅ ሐሳቡ አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልቡ ሌላ ነገር ላይ ነው። የእርስዎ እንግዳ ደግሞ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ መናኸሪያ ወርዶ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ደክሞታል። የሚፈልገው ቁጥርዎን ነው።

ቁጥሩንም ፈለግኩት። ሜኑውን ከፈትኩ፤ «ስለ እኛ» የሚለው ውስጥ ገባሁ፤ የለም። ከገጹ ግርጌ አገኘሁት፤ እሱም ፎቶ ላይ የተጻፈ ነው። ስነካው አይደውልም፤ ልገልብጠው ብል አይገለበጥም። ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የደወልኩልዎ። ቁጥሩ በጽሑፍ ይሁን፣ ከላይ ይቀመጥ፣ ሲነካ ይደውል። ለሠራልዎ ልጅ «ቴል ሊንክ አድርግልኝ» ይበሉት፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ዋጋም ይጻፉ። ዋጋ ካላየ «ውድ ቢሆን ነው» ብሎ የሚያልፍ እንግዳ ብዙ ነው።

«የማሠልጠኛ ተቋም ሬጅስትራር ነኝ። ኦንላይን ምዝገባ ከጀመርን ወዲህ ተማሪዎች ፎርሙን ጀምረው ይተዉታል። መጨረሻ ላይ በአካል መጥተው ይሰለፋሉ።» (ከመናኸሪያ)

ይህን በደንብ ልመልሰው፤ እኔንም አንገብግቦኛል። ዓምና ከእህቴ ልጅ ጋር የአንድ ሌላ ተቋም ፎርም ስንሞላ አመሸን። 21 ቦታ ሞላን። «አስገባ» ስትል ከላይ በቀይ «ስህተት ተፈጥሯል» አለ። የቱ ጋ እንደሆነ አይልም። የሞላነውም ሁሉ ጠፍቷል። ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝ። እንደገና ሞላን፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ነው ጥፋቱ የገባን። የእሷ ስልክ በ07 ይጀምራል፤ ፎርሙ ደግሞ ከ09 ሌላ አያውቅም። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እዚህ አገር እየሠራ፣ ያን ፎርም ማንም አላስተካከለውም። በመጨረሻ የእኔን ቁጥር አስገብታ ተመዘገበች።

እናም መጀመሪያ የስልክ ቦታውን ፈትሹት። በ09፣ በ07፣ በ+251 የተጻፈውን፣ ባዶ ቦታ የገባበትንም ይቀበል። ማጽዳቱ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፤ የተማሪው አይደለም።

ቀጥሎ ስም። ከውጭ የመጣ ፎርም «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ጋ ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ተማሪው የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ግራ ይገባዋል፤ በኋላ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አልገጥም ሲል መከራ የሚያየው እሱ ነው። ሦስት ቦታ አድርጉና በስማቸው ጥሯቸው። «ፖስታ ኮድ» የሚለውን ግዴታ አታድርጉት። ቤቱ ድረስ ፖስታ የማይመጣለት ሰው ምን ይጻፍ? 0000 ብሎ ያልፋል፤ እናንተም ጋ የማይረባ መረጃ ይከማቻል።

የቦታው መጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ ተጽፎ፣ መጻፍ ሲጀመር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከሳጥኑ በላይ አውጡት። መሐል ላይ ስልክ ተደውሎለት የተመለሰ ሰው የቱን እየሞላ እንደነበር አያስታውስም። ስህተት ሲኖርም እዚያው ከሳጥኑ ሥር ምን እንደጎደለ ይጻፍ፤ ሌላው የተሞላው ባለበት ይቆይ። ከሁሉም በላይ ይህቺን አደራ እላለሁ።

«ገጹ ሲከፈት ሙዚቃ እንዲጀምር ብናደርግስ?» (ከታቦር)

ይቅር። ሰው ቢሮ፣ ታክሲ፣ ለቅሶ ቤት ሆኖ ሊከፍተው ይችላል። ብሮውዘሮቹም ተጠቃሚው ሳይነካ ድምፅ እንዳይጀምር ብዙ ጊዜ ያግዱታል።

«ዲዛይን እየተማርኩ ነው። ቀለል ያለ፣ በስሱ ግራጫ የተጻፈ ጽሑፍ እወዳለሁ፤ ደንበኞቼ ግን አይነበብም ይላሉ። እነሱ ናቸው ወይስ እኔ?» (ከዩኒቨርሲቲ አካባቢ)

ደንበኞችሽ ልክ ናቸው፣ እህቴ። በክላስ ስክሪን የሚያምረው ግራጫ እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሆነሽ ስትከፍቺው አይታይም። ሞክሪው፤ ፀሐዩ ላይ ቆመሽ አንብቢው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ደብልዩ ስሪ ሲ (W3C) ያወጣው መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን ይላል። ጥቁር በነጭ 21 ለ 1 ነው። የሚለካልሽ ነፃ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቡ» እና «ቢ»ን ተመልከቺ። የሚለያቸው ትንሿ ጭረት ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ወይም ግርጌው ላይ መሆኗ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስና ሲሳሳ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ አማርኛውን ከላቲኑ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ በመስመርና በመስመር መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ስጪው። ፊደሉን ወደ ጎን ማጋደሉን (ኢታሊክ የሚባለውን) ተዪው፤ በፊደላችን የኖረ ልማድ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ብሮውዘሩ በግድ ነው የሚያጣምመው። ፎንት ካልመረጥሽ ስልኩ የራሱን ያመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፤ ከእሱ ጀምሪ።

«የጀልባ ሽርሽር በድረ ገጽ እናስይዛለን። 8:00 ብለን እየጻፍን አንዳንዱ ጠዋት መጥቶ ይቆማል፤ ይጣላናልም።» (ከሐይቅ ዳር)

እንግዶቹ አልተሳሳቱም። ለአገሬው 8 ሰዓት ከቀኑ ነው፤ ለፈረንጁና ስልኩን በውጭ ሰዓት ለሚያነብ ደግሞ ጠዋት። ቁጥሩን ብቻውን አትተዉት። «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 2:00 ፒ.ኤም.» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑም እንዲሁ ነው። 01/01/2018 ብቻ ከተጻፈ ማን ምን ይረዳ? «መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025» ሲባል ግን ማንም አይሳሳትም። ቦታ ከያዙ በኋላ የምትልኩት የስልክ መልእክት ላይም ይኸው ይደገም፤ እንግዳው ጀልባው ጋ ሲመጣ የሚከፍተው እሱን ነው።

«ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የለኝም። ገጼ ሰው የሚያስቸግር መሆኑን በምን ልወቅ?» (ከአቶቴ)

ገጽዎን አይቶት የማያውቅ ሰው ይፈልጉ፤ ጎረቤትም ይሁን። በራሱ ስልክ ይክፈተውና አንድ ሥራ ይስጡት፤ «ነገ ለሁለት ሰው ዋጋው ስንት እንደሆነ ፈልግልኝ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ይህ ነው ከባዱ። «እዚያ ጋ ነው፣ ዝቅ በል» ማለት ያምርዎታል፤ አይበሉ። አውራ ጣቱን ይመልከቱ፤ የቆመበትን፣ ተሳስቶ የነካውን፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ይጻፉ። 5 ሰው ላይ ቢሞክሩት ይበቃል። ሦስቱ የቆሙበት ቦታ ካለ ለሠሪው መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ነው።