እሱ አንበሳ፣ እኔ ወይን፦ ጫጉላችንን ለሁለታችን እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ? ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ለሃኒሙን ደቡብ አፍሪካን መርጠናል። ያለን 10 ቀን ነው። እጮኛዬ አንበሳ በዱር ማየት የልጅነት ሕልሙ ነው። እኔ ደግሞ የወይን እርሻዎቹን፣ ተራራውንና ባሕሩን ነው የምፈልገው። ጆሃንስበርግ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው። «ቤት እያለ ምን ሆቴል አስገባችሁ?» ብሎናል፤ ሳምንቱን እሱ ጋ እንድናርፍ ይጠብቃል። ሁሉንም እንዴት እናስማማው? (ሙሽሪት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እህት። አንቺ ልበልሽና ከመነሻችሁ ቀን ልጀምር።

መልስና ቅልቅል ባለቀ ማግስት አትብረሩ። ሦስት ቀን ተኙ። ይህን የምልሽ እኔ ስላላደረግሁት ነው። ከ9 ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ እዚያው ሄደን ነበር። የበረርነው በመልሱ ማግስት ነው። በ8 ቀን 5 ቦታ አደርን። ከኬፕ ታውን ተነስተን ጋርደን ሩት በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ አድርገን ወደ ምሥራቅ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን ነዳን። መንገዱ ባሕርና ጫካ ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው፤ እንዲህ ያለ ውብ አገር ብዙ አላየሁም። ትዝ የሚለኝ ግን ነዳጅ ማደያውና ሻንጣ መዝጋቱ ነው። በሦስተኛው ቀን መኪና ውስጥ ተኳረፍን። ስለዚህ ጋርደን ሩትን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ጫጉላ ላይ አልጋ መቀያየር ያደክማል።

ቀናችሁን እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምከፍለው። ከአዲስ አበባ ኬፕ ታውን ቀጥታ በረራ አለ። በኬፕ ታውን ግቡ፣ በጆሃንስበርግ ውጡ። ትኬቱ ሲቆረጥ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ፍራንሽሁክ (የወይኑ አገር) 3 ሌሊት፣ ኬፕ ታውን 2፣ ክሩገር ፓርክ (የአንበሳው ዱር) 3፣ ጆሃንስበርግ 1። ብዙ ሰው ሳፋሪውን ያስቀድማል። እኔ አልስማማም። ሳፋሪ ጎህ ሲቀድ መነሳት ይፈልጋል፤ ከሠርግ የመጣ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ወይኑ መሀል እረፉ።

ወቅቱ ዕድለኛ አድርጓችኋል። ኬፕ ታውን የሚያምረው በበጋ ነው፤ የእነሱ በጋ የፈረንጆቹ ከኅዳር እስከ መጋቢት መሆኑ ነው። ክሩገር ደግሞ የሚያምረው ሣሩ ሲደርቅና እንስሳቱ ውኃ ፍለጋ ሲሰበሰቡ ነው። ያ የእነሱ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወራት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። እናንተ የምትሄዱበት ግንቦት መጀመሪያ ግን መሀል ላይ ያርፋል። የወይኑ ለቀማ አልቆ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ይሆናል። ክሩገርም ዝናቡ ቆሞ ሣሩ መሳሳት ይጀምራል። ኬፕ ታውን አንድ ቀን ቢዘንብባችሁ አትደንግጡ። ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የምትጾሙ ከሆናችሁ ምግቡም ወይኑም ሳያሳቅቅ ይበላል ይጠጣል።

ፍራንሽሁክ ከኬፕ ታውን አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስሙ «የፈረንሳዮች ጥግ» ማለት ነው። በ1688 (እ.ኤ.አ.) በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ሰፍረውበታል። ሸለቆ ነው፤ ዙሪያውን ተራራ፣ ውስጡን ወይን። እዚያ መኪና አትንዱ። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የወይን ትራም አለ፤ ትራምና አውቶቡስ እየተቀባበሉ ከእርሻ እርሻ ያደርሷችኋል። በቀን ከሦስት እርሻ በላይ አትዙሩ፤ አራተኛው ላይ ምላስ አይለይም።

ቅምሻው እንዲህ ነው። አራት አምስት ዓይነት ወይን ጥቂት ጥቂት ይቀዳላችኋል፤ አስተናጋጁ ስለ እያንዳንዱ ይነግራችኋል። ያልጣመሽን ጠረጴዛው ላይ ባለው ዕቃ ትደፊዋለሽ። እኛ አገር የተቀዳን መድፋት ነውር ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ቀን እያፈርሁ ሁሉንም ጠጣሁ። አንቺ አትፈሪ፤ ማንም ቅር አይለውም። ጠጅ ወይም አኬሺያ የለመደ አፍ ደረቅ ቀይ ወይን መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። በሼኒን ብላን ጀምሩ፤ ነጭ ነው፣ ቀለል ይላል፣ በአገሩም በብዛት የሚተከለው እሱ ነው። ቀጥሎ ፒኖታጅን ቅመሱ። እዚያው አጠገብ ስቴለንቦሽ በምትባለው ከተማ በ1925 (እ.ኤ.አ.) አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ ፕሮፌሰር ሁለት የፈረንሳይ የወይን ዝርያዎችን አዳቅለው ያገኙት ነው። ወደ ኬፕ ታውን ስትመለሱ ደግሞ ኮንስታንሺያ የሚባለው የወይን ሰፈር ጎራ በሉ። ናፖሊዮን ሴንት ሄሌና ደሴት ታስሮ ሳለ የዚያን አገር ጣፋጭ ወይን ያስመጣ ነበር። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ «ይሄማ ጠጅ ነው» አለ። ያቺ ከሰዓት ከጉዟችን ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ኬፕ ታውን ላይ አንድ ምክር ብቻ። ጠረጴዛ ተራራ (ቴብል ማውንቴን) 1,085 ሜትር ነው፤ በኬብል ካር ነው የሚወጣው። ነፋስ ከተነሳ ይዘጋል። ስለዚህ ጥርት ያለ ጠዋት ያያችሁ ዕለት ቁርሱን ትታችሁ ውጡ። «ነገ እንሄዳለን» ብለው ሳያዩት የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። በሌላው ቀን ሹፌር ይዛችሁ በቻፕማንስ ፒክ መንገድ ሂዱ፤ ገደሉ ላይ የተቀረጸ 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሥሩ ባሕር። ቦልደርስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ፔንግዊኖቹን እዩ።

አሁን ወደ እጮኛሽ ሕልም። ከኬፕ ታውን በቀጥታ ክሩገር ውስጥ ወዳለው ስኩኩዛ አየር ማረፊያ በረራ አለ። ክሩገር በ1926 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዱር ነው። አጠገቡ ያሉት የግል ሎጆች ድንቅ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የሠርግ ዕዳ ላለበት ሰው አይመከርም። በፓርኩ ካምፖች ውስጥ ያሉት ጎጆዎች ንጹሕ ናቸው፤ ይበቃሉ። ወንዝ የሚያዩት ቶሎ ስለሚያዙ ከወራት በፊት ያዙ።

እኛ ያረፍነው ሎወር ሳቢ የሚባለው ካምፕ ነበር። ከስኩኩዛ እዚያ ድረስ መንገዱ የሳቢን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። ፍጥነቱ አስፋልት ላይ ከ50 አያልፍም፤ እናንተ ግን ከ30 በታች ሂዱ። ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። በግንቦት የካምፑ በር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ በሩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁኑ፤ አንበሳ ሌሊት አድኖ መንገድ ዳር የሚጋደመው ያን ጊዜ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በተለይ በፓርኩ ክፍት መኪና ከወጣችሁ። ጋቢ ያዙ። እኛ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ነበር የምንወጣው።

ደግሞ አታሳድዱ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ አንበሳ ፍለጋ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ምንም አላየንም። ኋላ ከሎወር ሳቢ በር ጥቂት እልፍ ብሎ ሰንሴት ዳም የሚሉት ኩሬ ዳር ሞተር አጥፍተን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ጉማሬዎቹ ብቅ እያሉ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ይሰማል፤ አዞው ተጋድሟል። ዝሆኖች መጥተው ጠጡ። ያኮረፍነውን እዚያ ረሳነው። አንበሳውን በማግስቱ አየነው።

ወባ አለ። ግንቦት ላይ ገና አላለቀም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም የመከላከያ ክኒን ይዘዝላችሁ፤ ልጅ ቶሎ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ሳትደብቂ ንገሪው፤ ክኒኑ እንደዚያው ይመረጣል። ወባ የሌለበት ከፈለጋችሁ ከጆሃንስበርግ በመኪና ሦስት ሰዓት የማይሞላው ፒላንስበርግ ፓርክ አለላችሁ።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ከአሁኑ ጀምሩት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ። መኪና የምትነዱ ከሆነ አገሩ በግራ ነው የሚነዳው። በደረሳችሁበት ቀን አትንዱ፣ ማታም አትንዱ።

የወንድምየው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በስደት አገር ኖሮ ወንድሙን ሙሽራ ሆኖ ሊያይ ነው፤ ጓጉቷል። ሆቴል ስትሉት ንቀት ይመስለዋል። ሳምንቱን እሱ ጋ ካረፋችሁ ግን ጫጉላ የለም፤ እንግዳ፣ ምርቃት፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት ሙሉ በሙሉ ለእሱ ስጡት። ቤቱ እደሩ። በርበሬ፣ ሽሮና ጥሩ ቡና ይዛችሁለት ሂዱ። ጓደኞቹን ይጥራ። በማግስቱ ጄፒ ይውሰዳችሁ፤ የእኛ ሰው ሱቅ፣ እንጀራና ቡና ያለበት ሰፈር ነው፤ እሱ ሊያሳያችሁ የሚኮራበት ቦታ ይሆናል። ይህን ቀን ሠርጉ ሳይደርስ በስልክ ንገሩት፤ እንዲዘጋጅበት። ስልኩን ግን እጮኛሽ ይደውል፤ አንቺ አትደውዪ።